የልጅ ልጃችሁ «ሊኑክስ ልጫን» ሲላችሁ

ከዚህ አምድ የለመዳችሁት ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ሕፃናት ክትባት መነጋገር ነው። የዛሬው ጉዳይ ወጣ ያለ ቢመስልም እሱም የቤት ጉዳይ ነው። በቅርቡ ያገኘኋቸው ወላጆችና አያቶች ደጋግመው ያነሱልኝ ጥያቄ፣ «ልጁ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊኑክስ የሚባል ነገር ልጫን እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለው?» የሚል ነበር።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ፍቀዱለት፤ ግን በሥርዓት፣ እናንተም አጠገቡ ተቀምጣችሁ። «እኔ ስለ ኮምፒዩተር ምን አውቄ ነው አጠገቡ የምቀመጠው?» ለምትሉ ይኼ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ምን ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ማወቅ ይበቃል።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ የእኔን ቤት ምሳሌ ላድርግ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው እዚሁ ጌዴኦ፣ ሬኮ ነው። በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር አንድ ነው፤ ልጄ የገዛልኝ ያገለገለ ላፕቶፕ። በውስጡ ባለቤቴ ከማረፉ በፊት የተነሳቸው ፎቶዎች አሉ። የየዓመቱ የቡና ሒሳባችን አለ። የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ፣ ውጭ አገር ያለችው ልጄ የላከቻቸው የልጆቿ ቪዲዮዎች ሁሉ እዚያው ናቸው። ስለዚህ ይህ ዕቃ ለልጅ ልጄ የትምህርት መሣሪያ ሲሆን ለእኔ ደግሞ ሣጥኔ ነው። በየቤታችሁም እንዲሁ እንደሚሆን እገምታለሁ።

አንድ ጎረቤቴ ኮምፒዩተራቸው ቢዘገይባቸው ለጥገና ሰጡት። ሠራተኛው «ፎርማት ላድርገው?» ሲላቸው የቃሉን ትርጉም ሳይጠይቁ «አድርገው» አሉት። ኮምፒዩተሩ ፈጣን ሆኖ ተመለሰ፤ የልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ግን አብሮት አልተመለሰም። ፎርማት ማድረግ ማለት ቤቱን ጠርጎ ባዶ ማድረግ መሆኑን ያወቁት ያን ዕለት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ሲከፈት የሚነሳውና ሌላውን ሁሉ የሚያዝዘው ፕሮግራም ስርዓተ ክወና ይባላል። በአብዛኞቻችን ቤት ያለው ዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ሌላው ዓይነት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀመረው፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች እየተረባረቡ አሳደጉት። ማንም ሰው በነፃ ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው ይችላል። በብዙ መልክ ተዘጋጅቶ ይቀርባል፤ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ፌዶራ የሚባሉት ሁሉ ሊኑክስ ናቸው። ኡቡንቱን በ2004 ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው፤ ስሙም ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ሰው በሰው ነው ሰው የሚሆነው የሚል ሐሳብ አለው።

ባዕድ ነገር እንዳይመስላችሁ። በእጃችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ውስጡ የሊኑክስ አስኳል ነው። ከ2008 ጀምሮ ለአንዳንድ የአገራችን ትምህርት ቤቶች ሕፃናት የተሰጡት እነዚያ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖችም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። በእኔ ሙያ በኩል ደግሞ ጤና ጣቢያዎች ዛሬ ሪፖርታቸውን የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለው ፕሮግራም፣ ኖርዌይ በሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ እንደ ሊኑክስ በነፃ የሚሰጥና ውስጡ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው።

ታዲያ ልጆቹ አሁን ለምን ፈለጉት? አንዱ ምክንያት ትምህርት ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር ተማሪ ያለ ሊኑክስ ብዙ አይዘልቅም። ሌላው ምክንያት የዕቃችን እርጅና ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይቀበሉትም። ሦስተኛውን ምክንያት እኔ በጣም እወደዋለሁ። ዊንዶውስ ታሞ አልነሳ ሲል፣ ወይም ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ፋይሎቻችንን ሲደብቅብን፣ በሊኑክስ ገብቶ ፎቶዎቹን ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቻላል።

እንግዳው ሳይጫን ሲሠራ

እዚህ ላይ ወላጆች ልታውቁት የሚገባ ትልቅ ልዩነት አለ። ሊኑክስን መጫን አንድ ነገር ነው፤ ሳይጫን ማስነሳት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ላይቭ ይባላል። ኖፒክስ የተባለው በጀርመን አገር የተሠራ ሲዲ ከ2000 ጀምሮ ይህን አሠራር በሰፊው አስለመደ፤ ዛሬ በሲዲ ፈንታ ፍላሽ እንጠቀማለን። ላይቭ ሊኑክስ ከፍላሹ ተነስቶ በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማኅደር፣ ራም በሚባለው ውስጥ ይሠራል። እናንተ ካላዘዛችሁት በስተቀር ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን አይነካም። ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል፤ ፍላሹ ሲነቀል ዊንዶውስ እንደነበረው ይነሳል። ለአንድ ሌሊት መጥቶ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣ የቤቱን ዕቃ ሳያንቀሳቅስ በማለዳ እንደሚሄድ እንግዳ ቁጠሩት።

ልጆቹ ይህን ከለመዱ በኋላ «ሁልጊዜ ፍላሽ ከምፈልግ ይኼ ላይቭ ሊኑክስ ከኮምፒዩተሩ የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ ይግባልኝ» ማለታቸው አይቀርም። የማስነሻ ዝርዝር፣ እነሱ ቡት ሜኑ የሚሉት፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ «በየትኛው ልነሳ?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ይህም ዊንዶውሱን ሳይነኩ ይቻላል። የጌዴኦ ገበሬ ቡና ለመትከል እንሰቱን አይነቅልም፤ ዋርካውንም አይቆርጥም። ቡናውም፣ እንሰቱም፣ የጥላ ዛፉም በአንድ ማሳ ላይ ተከባብረው ይኖራሉ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይኸው አብሮ የማብቀል ጥበብ ነው። ኮምፒዩተሩም ላይ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ መጨመር እንጂ መንቀል አይደለም።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮች

የልጅ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለዕረፍት መጥቶ ነገሩን ሲያነሳ፣ «እማማ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለኝ። «የግማሽ ሰዓቱ ሥራ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ከሥራው በፊት ያለው ነው። በሽተኛው ሳይመረመር መርፌ አይወጋም» አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና እናንተም ከእነዚህ ሁለት ነገሮች በፊት እጁን እንዳያነሳ አድርጉ።

የመጀመሪያው ቅጂ ነው። የማይተኩትን ፋይሎች ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልብጥላችሁ። በጣም ውድ የሆኑትን ደግሞ በሁለተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ ሌላ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥ። ከገለበጠ በኋላ «ጨርሻለሁ» ቢላችሁ አትመኑት፤ ኤክስተርናሉን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ሁለት ሦስት ፎቶ ከፍቶ ያሳያችሁ። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ ነው ብዬ አልቆጥርም። ከዚያ በኋላ ኤክስተርናሉ ተነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ። ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ መቆየት የለበትም።

ሁለተኛው ቁልፉ ነው። ብዙ ዊንዶውሶች ቢትሎከር በሚባል መቆለፊያ ዲስኩን ይቆልፋሉ፤ ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የአነሳሱ ሁኔታ ሲለወጥ ዊንዶውስ «የተለወጠ ነገር አየሁ፤ ቁልፉን ስጡኝ» ብሎ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ያ ቁጥር ከሌለ ፎቶዎቹ እዚያው እያሉ ልታዩአቸው አትችሉም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ኮምፒዩተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። በእኛ ላፕቶፕ ስናይ መቆለፊያው በርቶ ነበር። ልጁ ቁጥሩን አነበበልኝ፣ እኔ ጻፍኩ፤ ከዚያ እኔ አነበብኩ፣ እሱ ከስክሪኑ ጋር አመሳከረ። ወረቀቱ አሁን ከክትባት ካርዶቹ ጋር ነው ያለው። ያገለገለ ኮምፒዩተር የገዛችሁ በተለይ ልብ በሉ። አካውንቱ በቀድሞው ባለቤት ስም ከሆነ ቁልፉም እዚያው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሳይጣራ ምንም አይነካ።

አምስቱ ትክክሎች

ነርስ ስትሠለጥን መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት አምስት ነገሮችን እንድታረጋግጥ ትማራለች፤ ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገልኩት እነዚህን በየቀኑ እየደገምኩ ነው። ለኮምፒዩተሩም እነዚሁ አምስቱ ይበቃሉ።

ትክክለኛው ታካሚ። ሊኑክሱን ፍላሽ ላይ የሚጽፈው ፕሮግራም፣ ሩፉስ ወይም ሌላ፣ የተመረጠለትን ዕቃ ጠርጎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ባዶ የሆነ፣ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽ ይዘጋጅ፤ ሌላ ፍላሽም ሆነ ኤክስተርናል አብሮ እንዳይሰካ። ልጁ «ጀምር» የሚለውን ከመጫኑ በፊት የዕቃውን ስምና መጠን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። 8 ጊጋ መሆን ሲገባው 500 ጊጋ ካለ የተመረጠው ፍላሹ አይደለም ማለት ነው።

ትክክለኛው መድኃኒት። የሊኑክሱ ፋይል ከአዘጋጁ ድርጅት ድረ ገጽ ይምጣ እንጂ «ጓደኛዬ ጋ አለ» አይበቃም። 3 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል፤ ተማሪው ከግቢው ኢንተርኔት ቢያወርደው ይሻላል። ከየትም ይምጣ፣ አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የማረጋገጫ አሻራ ያወጣሉ። ዊንዶውስ የወረደውን ፋይል አሻራ አስልቶ ያሳያል። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። አንዲት ፊደል ብትለይ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል፤ ይጣል።

ትክክለኛው መጠን። ላይቭ ሊኑክስን ዲስኩ ላይ ለማስቀመጥ 8 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይበቃል። ልጁ «ግማሹን ልውሰድ» ካለ እያሰበ ያለው ሙሉ በሙሉ ስለመጫን ነው፤ ያ ሌላ ቀን፣ ሌላ ውይይት ነው። ዊንዶውሱ ያለበት ክፍል ራሱ ሊሞላ የተቃረበ ከሆነ ደግሞ 8 ጊጋም አይወሰድበት። በፍላሹ ይቀጥል።

ትክክለኛው መንገድ። መጀመሪያ ከፍላሽ ይሞከር፣ ከዚያ ነው ዝርዝር ውስጥ የሚገባው። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም።

ትክክለኛው ሰዓት። የእኛን መብራት ታውቁታላችሁ። ዲስክ እየተከፈለ ሳለ መብራት ቢጠፋ ውስጡ ያለው ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይሞከር። ፈተና ሊደርስ ሲል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊቀርብ ሳምንት ሲቀረው፣ ሌሊትም እንቅልፍ እየታገለ ይህ ሥራ አይሠራም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለጀመረ፣ በቤታችሁ ተፈታኝ ካለ ኮምፒዩተሩ ለልምምድ ይፈለጋል። ፈተናው ይለፍ።

ከፍላሽ ማስነሳት

ፍላሹ ከተዘጋጀ በኋላ ቀላሉ መንገድ ይኸውና። ዊንዶውስ ክፍት ሆኖ ሳለ ፍላሹ ይሰካ፤ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ሪስታርት ይደረግ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ ላይ ዕቃ ተጠቀም የሚል ትርጉም ያለው ምርጫ አለ፣ በእሱ በኩል ፍላሹ ይመረጣል። ምርጫው ካልታየ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አንድ ቁልፍ በመጫን የማስነሻውን ዝርዝር መጥራት ይቻላል፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። በዚህ መንገድ ለአንድ ጊዜ ብቻ መረጥን እንጂ የኮምፒዩተሩን ቋሚ አነሳስ አልለወጥንም።

«ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ማጥፋት አለብኝ» ካላችሁ «ለምን?» በሉት። ኡቡንቱን፣ ሚንትንና ፌዶራን የመሳሰሉት የታወቁ ሊኑክሶች ይህ ጥበቃ እንደበራ የሚነሱ ናቸው። ጥበቃውን ካላጠፉ የማይነሳ ከሆነ መጀመሪያ አዲስ ቅጂ ይፈለግ።

ሊኑክሱ ሲነሳ ልሞክር ወይስ ልጫን ብሎ ሊጠይቅ፣ ወይም የመጫኛ ምልክት ስክሪኑ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። መልሳችን ልሞክር ነው። በመጫኛው ውስጥ ዲስኩን አጥፍቶ መጫን የሚል ምርጫ አለ፤ ያ የተጻፈውን ያደርጋል፣ ሁሉንም ያጠፋል። በዚህ ሰዓት እናንተ ቡና ልታፈሉ መነሳት የለባችሁም። ከገባ በኋላ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ኪቦርዱ ይሠራ እንደሆነ ይሞክር። የአማርኛ ኪቦርድም ስላለው ስማችሁን በአማርኛ ይጻፍላችሁ። ለአንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ ይለማመድ። የሠራውን ሌላ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥ እንጂ ላይቭ ውስጥ ከተወው ሲዘጋ ይጠፋል።

ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ብታገኙት አትደንግጡ። ሊኑክስ የኮምፒዩተሩን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፤ ዊንዶውስ ግን እንደ አገሩ ሰዓት ያነበዋል፤ የእኛ አገር ከዓለም አቀፉ 3 ሰዓት ይቀድማል። ኢንተርኔት ላይ ሆኖ ከዊንዶውስ የሰዓት ማስተካከያ ቢያስተካክለው ይመለሳል። የተበላሸ ነገር የለም።

ዝርዝሩ ውስጥ መጨመር

ከፍላሽ በደንብ መሥራቱ ከታየ በኋላ ልጁ ወደ ዝርዝሩ መጨመር ቢፈልግ፣ በአዲሱ የዩኢኤፍአይ አሠራር የሚነሱ ኮምፒዩተሮች ላይ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ባዮስ በሚባለው በአሮጌው አሠራር ለሚነሱት ግን ምክሬ በፍላሹ እንዲቀጥሉ ነው።

አንደኛ፣ ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ለጊዜው ይታገድ፤ በመጨረሻ ይመለሳል። ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው ፋስት ስታርትአፕ ደግሞ ይጥፋ። እሱ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፣ ያንቀላፋል። ባንቀላፋ ዲስክ ላይ ሊኑክስ ቢጽፍ ፋይል ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ ከዊንዶውሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ውስጥ ሆኖ፣ ሲ ከሚባለው ክፍል 8 ጊጋ ያህል ይቀነስና አዲስ ክፍል ይሠራበት፤ ዓይነቱ ፋት 32 ይሁን። እዚያ ገጽ ላይ ስም የሌላቸው ትንንሽ ክፍሎች ታያላችሁ። «ይኼ ምንም የሌለበት ነው፣ ላጥፋው» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ «እጅህን አንሳ» በሉ። ኮምፒዩተሩ የሚነሳውና ሲታመም የሚታከመው በእነሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የሊኑክሱ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ይከፈትና በውስጡ ያለው ሁሉ አዲሱ ክፍል ላይ ይገልበጥ። ፋት 32 ላይ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀመጥም፤ እንዲህ ያለ ፋይል ካለበት ሌላ ሊኑክስ ይመረጥ።

አራተኛ፣ አሁን ያለው የማስነሻ ዝርዝር እንዳለ በፋይል ተቀድቶ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ይህን የሚሠራው ቢሲዲኤዲት የተባለ የዊንዶውስ ትዕዛዝ ነው፤ ልጁ ያውቀዋል፣ ካላወቀው ገና አልተዘጋጀም።

አምስተኛ፣ በዚያው ትዕዛዝ የዊንዶውሱ ማስነሻ መስመር ይቀዳና ቅጂው «ሊኑክስ» የሚል ስም ይሰጠው፤ ወደ አዲሱ ክፍልና በውስጡ ወዳለው የማስነሻ ፋይል ይጠቁም፤ ከዝርዝሩም መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። እናንተ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ «የምትቀይረው ቅጂውን ነው ወይስ ዋናውን?» መልሱ «ቅጂውን» መሆን አለበት። ዊንዶውስ አንደኛ እንደሆነ ይቆይ። ኮምፒዩተሩን ማንም ሳይነካው ሲነሳ እንደ ወትሮው በዊንዶውስ ይነሳል፤ ሊኑክስ የፈለገ ግን ቀድሞ ፍላሹን በመረጥንባቸው መንገዶች ይጠራዋል። አንዳንድ ኮምፒዩተሮች የተጨመረውን መስመር በራሳቸው ጊዜ ሊያጠፉት ይችላሉ። እንዲህ ቢሆን ዊንዶውሱ ምንም አልሆነም፤ ፍላሹ ስላለ አትከራከሩት።

መውጫውን ማወቅ

ልጁ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «እንዴት ነው የምታወጣው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ሁለት ነገር ነው፤ የተጨመረውን መስመር መሰረዝ፣ ከዚያ 8 ጊጋውን ክፍል አጥፍቶ ቦታውን ወደ ሲ መመለስ። ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ይስጣችሁ። እሱ ወደ ግቢው ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ከእናንተ ጋር ነው የሚቀረው፤ የዲላ ባለሙያም ያንን ወረቀት ቢያይ የተሠራውን በአንድ አፍታ ይረዳዋል። የእኛ ልጅ የጻፈው ወረቀት ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ቀኑ፣ የሊኑክሱ ስም፣ የተወሰደው ቦታና የማውጫው መንገድ ተጽፎበታል። እኛ ነርሶች የሠራነውን ሁሉ ካርድ ላይ የምንጽፈው ቀጥሎ የሚመጣው ተረኛ እንዳይቸገር ነው።

ሦስት ጊዜ ደግሞ ያለ ክርክር «አይሆንም» ይባላል። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ አይሆንም፤ የሚፈቅደው መሥሪያ ቤቱ ነው። ቅጂ ሳይያዝ አይሆንም። ባለቤቱ በሌለበት፣ «አባዬ ሲመጣ ይደነቃል» እየተባለም አይሆንም። በሽተኛ ሳይጠየቅ እንደማይታከመው ሁሉ ዕቃውም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም።

ከዚህ ውጭ ባለው ግን ልጆቹን አትከልክሏቸው። የተከለከለ ልጅ እናንተ ገበያ ስትሄዱ ነው የሚሞክረው፤ ያኔ ቅጂም የለ፣ ቁልፍም የለ። እነሱ ኮምፒዩተር በማወቅ ይበልጡናል፤ እኛ ደግሞ የጠፋ ነገር ሁሉ እንደማይመለስ በማወቅ እንበልጣቸዋለን። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው ቤቱ የሚጠቀመው። ሌላው ሁሉ ቢቀርባችሁ እንኳ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁበት ሳምንት ሳታልፉ የፎቶዎቻችሁን ቅጂ አስይዙ። ለእሱ ሊኑክስም አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደም ግፊታችን እንመለሳለን። እስከዚያው ጨው ቀንሱ። የሳምንት ሰው ይበለን።